የአምስት ቁጥር ጣጣ

ሰኞ 2

አዲሶቹ ቦርዶች ዛሬ ገቡ። ቶሎቶሎ ካርቶኑን ራሱ ተሸክሞ እየሮጠ ነው ያመጣው። ቶሎቶሎ የወርክሾፓችን ባለቤት ነው፤ ስሙን ያወጣንለት በሌላ ቃል ንግግር ጀምሮ ስለማያውቅ ነው። «ቶሎ ቶሎ በሉ፣ ከድሮው ጋር አንድ ናቸው» አለና ወጣ።

እኛ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ነው የምንሠራው። ሣጥኑን አናጢ ይሠራል፣ አንጎሉን እኛ። አንጎሉ ማለት ከመዳፍ የምታንስ ቦርድ ናት፤ መሃሏ ላይ ቺፕ አለ፣ ዳርና ዳሯ ላይ ደግሞ ፒን የምንላቸው እግሮች። አንዱ እግር ማሞቂያውን ያዛል፣ አንዱ ማራገቢያውን፣ አንዱ እንቁላል መገልበጫውን።

ዕቃ መፈተሽ የኔ ሥራ ነው። እያንዳንዷን ቦርድ አገላብጬ አይቼ፣ «ተፈትሿል» የሚለውን ተለጣፊዬን ጀርባዋ ላይ ለጥፌ በአውራ ጣቴ ጫን አደርጋለሁ። ያለኔ ተለጣፊ ከዚህ ቤት የሚወጣ ቦርድ የለም። የአዲሶቹ ጀርባ ጠባብ ሆኖብኝ ተቸገርኩ። ጠርዙ ላይ ብቻ ትንሽ ቦታ አለ፤ እሱም ጥልፍ የመሰለ ቀጭን ጌጥ ነገር አለበት። እዚያው ላይ ለጠፍኩት። ቦርድ ላይ ጌጥ ምን ይሠራል?

የእግሮቹን ቁጥር ደግሞ ለጉንዳን ነው የጻፉት። የዘንድሮ አምራች በቀለም ይሰስታል።

ማክሰኞ 3

ከቃሪያ ጋር ተነታረክን። ቃሪያ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ኮድ የምትጽፈው ልጅ ናት። ቅጽል ስሟን ያወጣላት ምላሷ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እግር ሁለት ቁጥር አለው። አንደኛው ቺፑ ራሱ የሚያውቀው ነው፤ ሌላው ቦርዱን የሠራው ድርጅት በራሱ ቅደም ተከተል ያተመው። በድሮው ቦርድ ላይ «አምስት» ተብሎ የታተመው እግር ለቺፑ አሥራ ሁለት ነው። እኔ ስጽፍ በቺፑ ቁጥር ነው፣ ቃሪያ በታተመው። እኔ አሥራ ሁለት እያልኩ እሷ አምስት እያለች፣ አንድ እግር ላይ እየተገናኘን ስንት ጊዜ በሰላም ኖረናል።

ዛሬ ብድግ ብላ፦

«ጋሼ፣ አዲሱ ላይ የታተመው የትኛው ቁጥር ነው? የቺፑ ነው ወይስ እንደ ድሮው የራሳቸው?»

«እንደ ድሮው ነዋ።»

«የሚል ነገር ተጽፏል እንዴ ቦርዱ ላይ?»

«ምንም የተጻፈ የለም። አንድ በአንድ አገላብጬ አይቻለሁ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ለአፍታ አየችኝና «እሺ ጋሼ» አለች። ቃሪያ «እሺ» ስትል ደስ አይለኝም። ስትከራከረኝ ይሻለኛል።

የጠረጴዛዬ አምፖል ደክሟል። ሲመቸኝ እቀይረዋለሁ።

አርብ 6

ሩጫ። ነገ እታለም ማሽኗን ትወስዳለች። ኮዱን በድሮው ቦርድ ላይ ሞከርነው፣ ሠራ። አዲሱም ያው ነው። ቶሎቶሎ በር ላይ ቆሞ «ቶሎ ቶሎ»። ምሳ አልበላሁም። አምፖሉን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለውም። የአሁን አምፖል እንዲህ ነው።

ለባለቤቴ «የኔ ቆንጆ፣ ስለማመሽ ሳትጠብቂኝ ብዪ» ብዬ የጻፍኩት ቶሎቶሎ ጋ ሄደ። «እሺ ቆንጆዬ» ብሎ መለሰልኝ። ስልኩ ስሞቹን አንድ ላይ ይደረድራቸዋል፣ ምን ላድርግ።

ቅዳሜ 7

እታለም ማሽኑን ወሰደች። ታላቅ እህቴ ናት፤ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ስታዘኝ ኖራለች፣ አሁንም አልደከማትም። ሣጥኑን በጨርቅ ጠቅልላ መኪና ላይ ስታስጭን ላየ ሰው ሙሽራ የምትሸኝ ትመስላለች።

ይሄ ማሽን ለሷ ቀልድ አይደለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿ «ቤቱን ሸጠሽ ከኛ ጋር ግቢ» እያሉ ወጥረው ይዘዋታል። ክፉ ልጆች ሆነው አይደለም፤ ብቻዋን ስትሆን ይጨንቃቸዋል። እሷ ደግሞ ከግቢዋ ከወጣች ሰው መሆኗ የሚያበቃ ይመስላታል። በመጨረሻ ተስማሙ፦ ክረምቱ ሳይወጣ ጫጩት አስፈልፍላ ካሳየች ማንም አይነካካትም። ካልሆነላት ሻንጣዋን ይዛ ታላቁ ልጇ ቤት ትገባለች።

«አደራህን» አለችኝ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ።

«ኧረ እታለም፣ እኔ የፈተሽኩት ነው» አልኳት።

ሰኞ 9

ጉድ ፈላ።

ጠዋት ደወለች። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ማሽንህ ይነፍሳል እንጂ አይሞቅም» አለች። ሳቅሁ። ከዚያ መሳቄን አቆምኩ።

ከቃሪያ ጋር በረርን። ቴስተሩን አውጥታ እግሮቹን ለካች። አዲሱ ቦርድ ላይ አምስት ተብሎ የታተመው፣ ለቺፑም አምስት ነው! ኮዳችን ግን እንደ ድሮው መስሎት አምስትን ወደ አሥራ ሁለት ይተረጉማል፤ አሥራ ሁለት ላይ የታሰረው ማራገቢያው ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሙቀት ባዘዘ ቁጥር ንፋስ ይመጣል፤ ሲቀዘቅዝ አብዝቶ ያዛል፣ አብዝቶ ይነፍሳል። እንቁላሎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲራገቡ አድረዋል። አንዱን አንስቼ ያዝኩት፤ የወንዝ ድንጋይ ነው የሚመስለው።

እታለም አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ቅርጫት እየመለሰች «ሌላ አስቀምጣለሁ፤ ሦስት ሳምንት ነው የሚፈልጉት፣ ክረምቱ ያደርሰኛል» አለች። አንድ ጊዜ ያደርሳታል። ሁለተኛ ግን አያደርሳትም።

መኪና ውስጥ «ቦርዱ ላይ ቢጽፉት ምን ነበረበት! አንድ መስመር እኮ ነው» አልኩ እኔ። ቃሪያ በመስኮት ታይ ነበር።

ረቡዕ 11

ስብሰባ። በወርክሾፑ ታሪክ የመጀመሪያው።

ግማሹ ማሽን የድሮው ቦርድ አለው፣ ግማሹ አዲሱ። ሁለቱንም በአንድ ኮድ ልናስኬድ ብንል፣ እኔ ለአንድ እግር ያወጣሁትን ስም ቃሪያ ለሌላ ሰጥታዋለች፤ ኮምፒውተሩ «ይህ ስም አስቀድሞ ተይዟል» እያለ ይመልሰናል። ጠዋቱን ሙሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ።

ቶሎቶሎ «ቶሎ ድምፅ እንስጥ» አለ። ሰጠን። እኔ ለቺፑ ቁጥር፣ ቃሪያ ለታተመው፣ ቶሎቶሎ «ቶሎ ለሚያልቀው»። አንድ አንድ አንድ ወጣ። ቃሪያ ደግሞ ቁጥሩን ትተን በየሥራቸው ብንጠራቸውስ ምናምን ስትል ነበር፤ ሻዬ ሊቀዘቅዝ ስለሆነ ጨርሼ አልሰማኋትም።

ያቺ ቅርጫት ከፊቴ አልጠፋ አለችኝ።

ቅዳሜ 14

አገኘሁት!

ማታ ራት ላይ ሳለን ግማሹ ቤት ጨለመ። ባለቤቴ ከማድቤት ሆና «የማድቤቱን አንሳው» አለችኝ። ሄጄ ቆጣሪው ሥር ያለውን ሣጥን ከፈትኩ። እሷ ድሮ በትልልቅ ፊደል በየማብሪያው ሥር «ማድቤት»፣ «መኝታ»፣ «በረንዳ» ብላ ለጥፋበታለች። አነሳሁት፣ በራ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ስንተኛው ማብሪያ እንደሆነ ባለቤቴም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ ማናችንም ማወቅ አያስፈልገንም!

እግሮቹን በሥራቸው ነው መጥራት። ማሞቂያ። ማራገቢያ። መገልበጫ። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ የቦርድ ዓይነት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጻፍ፤ ከዚያ ውጪ ቁጥር የሚባል ነገር ኮዱ ውስጥ እንዳይታይ። የቺፑ ይሁን የታተመው ማን ግድ አለው?

ለባለቤቴ ስነግራት «ጎበዝ፣ አሁን ብላ፤ ደግሞ ያ የዓሣ እሾህ ነው፣ አውጣው» አለችኝ። አላየሁትም ነበር። መብራቱ ገና መምጣቱ እኮ ነው።

ሰኞ 16

ሐሳቤን ለቃሪያ በዝርዝር አስረዳኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና፦

«ረቡዕ ዕለት እኔ ያልኩት?»

«አንቺ በደፈናው ነው ያልሽው። እኔ አብስዬ ነው ያመጣሁት።»

«እሺ ጋሼ።»

ወዲያው ሥራ ጀመርን። የትኛው ሽቦ የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንደገባ ታይቶ ሰንጠረዥ መሞላት አለበት። ቃሪያ «እኔ ላንብብ፣ እርስዎ ይጻፉ» አለች። ድርቅ አልኩ። መፈተሽ የኔ ሥራ ነው። ቦርዷን ዘርግቼ፣ ራቅ አድርጌ፣ ወደ አምፖሉ አዙሬ አነበብኩላት።

«ማሞቂያ፣ አምስት። ማራገቢያ፣ አሥራ ሁለት። መገልበጫ፣ ስድስት።»

«ስድስት?»

«ስድስት አልኩሽ እኮ።»

ጻፈች። አትማም ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ከሰዓት በኋላ ኮዱ አንዴም ሳያጉረመርም አለፈ። ያ ሁሉ ንትርክ እንዲህ በቀላሉ ማለቁ ትንሽ ቅር አሰኘኝ።

ማክሰኞ 17

ማሽኑን እታለም ቤት ተከልነው። ሙቀት ስንል ሞቀ፤ ንፋስ ስንል ነፈሰ። መገልበጫው በየአራት ሰዓቱ ስለሚዞር ቆመን አልጠበቅነውም፤ ቶሎቶሎ በስልክ ይጠራናል። እታለም አዲሶቹን እንቁላሎች ደረደረች። ክዳኑን ስትዘጋ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን ትላለች ብዬ ጆሮዬን ጣል ባደርግ «እንግዲህ አደራችሁን» ትላቸዋለች፣ እንቁላሎቹን።

ሐሙስ 19

ቃሪያ የግድግዳውን ሰንጠረዥ አንስታ በትልቅ ፊደል አትማ እንደገና ለጠፈችው። «ምነው?» ብላት «ቀለሙ ደብዝዞ ነበር» አለች። በሦስት ቀን? ወረቀት ታባክናለች ይቺ ልጅ።

የቀሩትን ቦርዶች ፈትሼ ተለጣፊዬን ለጠፍኩ። ሁሉም ደህና ናቸው።

ሰኞ 23

እታለም ጋ ሄድኩ። ታላቁ ልጇ እዚያ ነበር። በረንዳ ላይ በስልክ «ክፍሉን ቀለም አስቀብተነዋል፤ መጋረጃ ብቻ ነው የቀረው» ሲል ሰማሁት። ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

እታለም ከማሽኑ አጠገብ አትርቅም። ሻይ አፍዪልኝ ብላት «ቆይ ትንሽ» አለችኝ። «ምን ትጠብቂያለሽ?» ስላት ደግሞ «አንተን አይደለም» አለች። በመስታወቱ አጮልቄ አየሁ፤ እንቁላሎቹ ላይ በእርሳስ የመስቀል ምልክት አድርጋባቸዋለች። ለምን ብላት፦

«እንዳይጠፉብኝ።»

«የት ይሄዳሉ?»

«ልጅ የት እንደሚሄድ ይታወቃል?» አለችና አስወጣችኝ።

ረቡዕ 25

ቃሪያ ማሽኑን ልታይ ሄዳ ነበር። ተመልሳ በሩን ዘጋችው። ቃሪያ በር ዘግታ አታውቅም።

መገልበጫው ከተተከለ ጀምሮ አንዴም አልዞረም። ሽቦው ያለው ስምንት ላይ ነው። ስድስት ላይ ምንም የለም።

እንቁላል ካልተገላበጠ ጫጩቱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቅና ይሞታል። ይሄን የማያውቅ ሰው እዚህ ቤት የለም።

አልሞቱም። እታለም ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አውቃለች። በእርሳስ ምልክት አድርጋ፣ በየአራት ሰዓቱ እየተነሳች፣ በእጇ አንድ በአንድ ስታገላብጣቸው ከርማለች። ሌሊትም ጭምር። ለምን እንዳልነገረችኝ ቃሪያ ጠይቃታለች።

«በመጀመሪያዎቹ ሲያዝን አየሁት፤ ደግሞ ልጨምርበት?» ነው ያለቻት።

ቃሪያ ይሄን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቁጥሩ ትንሽ ነው ጋሼ፤ እኔም መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር» አለችኝ። ዋሸች። ስትዋሽ ጆሮዋ ይቀላል።

ከሰዓት በኋላ ሰንጠረዡን አራት ወረቀት አጋጥማ ለጠፈችው። ከመንገዱ ማዶም ይነበባል።

ሐሙስ 26፣ ከራት በኋላ

የስም ግጭቱ አልቋል። የቺፑ ነው፣ የታተመው ነው የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ስምንቱን ስድስት ያለው ማነው? አምራቹ አይደለም። ቃሪያም አይደለችም። አምፖሉም እንኳ አዲስ ነው።

አባባ ልብስ ሰፊ ነበር። መጀመሪያ ያማረረው አምፖሉን ነው። የመቶ ሻማ አምፖል ገዝተህ ና ብሎ ሱቅ የላከኝ ትዝ ይለኛል። ቀጥሎ ክሩን አማረረ፤ የዘንድሮ ክር ይጠቁራል አለ። ከዚያ መርፌና ክሩን በአንድ እጁ ይዞ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ለሚያልፈው ሰው ይዘረጋ ጀመር። ያለፈ ሰው ተቀብሎ፣ ሰክቶ ይመልስለታል። ብዙውን ጊዜ እታለም ነበረች። እኔ እጁን ሲዘረጋ ማየት ስለማልችል በጓሮ በኩል እዞር ነበር። የሆነ ዓመት ላይ መርፌውም ክሩም ቀረ። ማን እንደገባ የሚያውቀው በእርምጃችን ሆነ።

በዚህ ክረምት ሁለት አምፖል ገዝቻለሁ። ይሄ አሁን ነው የታየኝ።

ፈርቻለሁ። በቃ፣ ጻፍኩት። ያን ዕለት ለቃሪያ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብዬ እንደ ቀልድ የማልኩት አሁን ሳስበው ሰውነቴን ይወረኛል። የምፈራው ምርመራውን ነው። ካልሄድኩ እስካሁን ጤነኛ ነኝ።

ባለቤቴ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ምን ልትል ነው ስል «ፊደልህ ትልልቅ ሆኗል፣ ደብተሩ ቶሎ ያልቅብሃል» አለችና ትከሻዬ ላይ እጇን አሳረፈች። ከዚያ፦

«ቅዳሜ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። የያዝኩት ካቻምና ነው ማለት ይቻላል፤ በየጊዜው እያዛወርኩት ነው እንጂ።»

ቅዳሜ 28

የዓይን ሐኪሟ ቁመቷ አጭር፣ ወንበሯ ረጅም። እየፈተለከች ወጣች ወረደች፣ በዓይኔ ውስጥ መብራት አበራች፣ ንፋስ እፍ አለችብኝ። ማሽኑን አሰብኩ።

«የአባትዎ ዓይነት ነገር የለብዎትም፤ ግፊቱም ደህና ነው» አለች። «ይሄ ዕድሜ ነው።»

«ብቻ?»

«ምን እንድጨምርልዎ ይፈልጋሉ?»

ባለቤቴ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ደረጃው ላይ እንባዬ መጣ፤ አፍንጫዬን የምጠርግ መስዬ አሳለፍኩት። እሷ እጄን አልለቀቀችም። በየዓመቱ ግን ብቅ እያልኩ እንድታይ ሐኪሟ አስጠንቅቃኛለች፣ በአባባ ምክንያት።

መነጽሩ እዚያው ተሰጠኝ። ባለቤቴን በቅርበት አየኋት። ከከንፈሯ በላይ ትንሽ ጠቃጠቆ አለች። መቼ ነው የወጣችው ብላት «ስታገባኝም ነበረች፣ ያኔ ታያት ነበር» አለች።

ሰኞ 30

መነጽሬን አድርጌ ገባሁ። ቶሎቶሎ «ቶሎ ፕሮፌሰር ሆንክብን» አለ። ቃሪያ አየችኝ፤ ተነስታ ከግድግዳው ላይ አራቱን ወረቀት ላጠችና የመጀመሪያዋን ትንሿን ሰንጠረዥ መልሳ ለጠፈቻት። አልጣለቻትም ነበር፤ ስድስቱን ብቻ ሰርዛ ስምንት ጽፋባታለች።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ያልተለጠፈባት ቦርድ ከካርቶኑ ሥር ተርፋ ነበር። ለወጉ ያህል ልፈትሻት ብዬ ገለበጥኳት። ተለጣፊዬን ላጥኩ። ጠርዙ ላይ ልለጥፍ እጄን ስዘረጋ ጌጡን አየሁት።

ጌጥ አይደለም። ጽሑፍ ነው።

«የታተሙት ቁጥሮች የቺፑ ቁጥሮች ናቸው። ከቀድሞው ቦርድ ጋር እንዳያምታቱ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ መስመር ቢጽፉ ምን ነበረበት ብዬ መኪና ውስጥ ስፎክር የነበርኩት ሰውዬ ትዝ አለኝ። ጽፈው ነበር። በእያንዳንዷ ቦርድ ላይ ጽፈው ነበር። እኔ ነኝ በእያንዳንዷ ላይ «ተፈትሿል» ብዬ የሸፈንኩት፣ ደግሞ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ። ቃሪያ ብታገላብጥ የምታየው የኔን ፊርማ ነው፤ እሱን ካየች ሌላ ምን ልትፈልግ!

ቦርዷን ኪሴ ከትቼ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ሕንፃውን ዞርኩ። በጓሮ በኩል። ከዚያ ተመልሼ ቃሪያ ፊት አስቀመጥኳት። አነበበች። የሌሎቹን ተለጣፊ በጥፍሯ መላጥ ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከሁሉም ሥር ያው መስመር። ይሄኔ አፈነዳችው ብዬ ስጠብቅ፦

«ጋሼ፣ ማስቲሹ ግን አይረባም አይባልም» አለች።

ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ሲያልቅልኝ «ለእታለም እኔው ነኝ የምነግራት» አልኩ። «እርስዎ ነዎት» አለች።

ሐሙስ 3

ሁለቴ ደወልኩላት። ሁለቴም ስለ ዝናብ አወራን።

ማክሰኞ 8

በማለዳ ደወለች። «ሣጥኑ ይጮኻል» አለችና ዘጋችብኝ።

ስደርስ ታላቁ ልጇ ቀድሞኛል፤ ከነኮቱ ማሽኑ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። ከውስጥ ቀጭን የጩኸት ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል። እታለም ክዳኑን ልትከፍት እጇን ስትሰድ ያዝኳት። አሁን ካልነገርኳት ደስታው ውስጥ ተደብቄ እንደማልፍ ራሴን አውቀዋለሁ።

«እታለም፣ የመጀመሪያዎቹ የሞቱት በኔ ነው። ቦርዱ ላይ ተጽፎ ነበር። አላየሁትም፤ ማንበብ ካቃተኝ ቆይቷል። ተለጣፊዬን ለጥፌበት ሌላም ሰው እንዳያየው አደረግኩ። ስምንቱንም ስድስት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ልጇ ቀና አለ። እሷ መነጽሬን ስታይ ቆየች።

«አባባ መርፌው ሲያቅተው ምን ነበር የሚያደርገው?» አለችኝ።

«ይዘረጋልሽ ነበር።»

«ታዲያ ያንተ እጅ ምን ነካው?»

መልስ ሳትጠብቅ «በል ክዳኑን ያዝልኝ» አለች።

ያዝኩላት። ብድግ ሲል ሞቃቱ እርጥብ አየር ፊቴን መታኝና መነጽሬ በአንድ ጊዜ ጉም ሆነ። ነጭ ብቻ። ጩኸቱ አፍንጫዬ ሥር ነው፣ ልጇ «እማዬ! እማዬ!» ይላል፣ እኔ ምንም አይታየኝም። የቀድሞው እኔ ብሆን «እሰይ፣ እንዴት ያምራሉ» ብዬ እገላገል ነበር።

«እታለም፣ አላየሁም» አልኩ። «ምን ይታይሻል?»

ጠጋ አለችኝ። እጇ እጄ ላይ ነበር።

«አንዱ ወጥቷል። እርጥብ ነው። ላባው ተጣብቋል፣ አንገቱ ራሱን አልችል ብሎታል። አፉን ከፍቶ ይጮኻል፣ ማንንም አይሰማም። አንተ ስትወለድ ልክ እንደዚህ ነበርክ።»

«ሌላስ?»

«አሉ። ብዙ ናቸው። አትቸኩል፣ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።»

መነጽሬን ሳልጠርግ ቆሜ ሰማኋት።